የሚያፏጭ ሁሉ አስም አይደለም፦ እምብዛም የማያጋጥሙ የአየር ቧንቧ የአፈጣጠር ጉድለቶችን ስለ መለየት

መግቢያ

ጋይንት ቤተ ልሔም ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው ድጓን ነው። ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ ከሸዋም ይምጣ ከትግራይ፣ የዜማ ተማሪ ድጓውን የትም ቢማር የማስመስከሪያው ስመ ጥር ቦታ ቤተ ልሔም ነው። በዚያ ጉባኤ ከሁሉ በፊት የሚፈተነው ጆሮና ድምፅ ነው። ይዘቱ የት እንደሚረዝም፣ ርክርኩ የት እንደሚገባ፣ ቁርጡ የት እንደሚወድቅ ያልለየ ተማሪ አያስመሰክርም። ድምፁ መውጣቱ ብቻ አይበቃም፤ መቼና የት እንደወጣም ይጠየቃል።

ይህ "መቼ?" የሚለው ጥያቄ በእኛም ሙያ ትልቅ ቦታ አለው። ከላይና ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ ሆስፒታል ከሚመጡ ሕፃናት መካከል ትንፋሻቸው ድምፅ የሚያሰማ ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ ያለባቸው ጉንፋን፣ የሳምባ ምች ወይም አስም ነው። ጥቂቶቹ ግን የአየር ቧንቧቸው (ትራኪያቸው) ራሱ ሲፈጠር የጠበበ፣ የላላ ወይም በደም ሥር የታነቀ ነው። "አስም ነው" ተብለው ዓመት ሙሉ በሳልቡታሞል የሚመላለሱት፣ ያለ በቂ ማስረጃ የቲቢ መድኃኒት የሚጀመርላቸው፣ በሰፈር ደግሞ "እንጥሉ ወርዶ ነው" ተብሎ እንጥላቸውን የሚቆረጡት ከእነዚህ መካከል ሊገኙ ይችላሉ። እንጥል መቁረጥ የደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ከማንቁርት በታች ያለውን ጥበት አይነካውም።

በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ችግሮች እንዴት መጠርጠርና መለየት እንደሚቻል ለማየት እንሞክራለን። ዋናው መልእክት አንድ ነው፦ ውድ መሣሪያ ከመፈለጋችን በፊት ድምፁ የሚሰማው አየር ሲገባ ነው፣ ሲወጣ ነው ወይስ በሁለቱም ጊዜ ብለን እንጠይቅ። መልሱ ችግሩ ያለበትን ቦታ ግማሽ መንገድ ያደርሰናል።

1. ቧንቧው እንዴት ተሠራ?

ትራኪያ ከማንቁርት በታች ጀምሮ ደረት ውስጥ ለሁለት እስኪከፈል ድረስ የሚወርድ ቧንቧ ነው። በአዋቂ ሰው ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ክፍት ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርጉት ከ16 እስከ 20 የሚደርሱ የልም አጥንት (ካርቲሌጅ) ቀለበቶች ናቸው። ቀለበት እንበላቸው እንጂ ሙሉ ክብ አይደሉም፤ ቅርጻቸው እንደ ፈረስ ጫማ ነው፣ በስተኋላ ክፍት ናቸው። ክፍቱን ቦታ የሚሸፍነው ጡንቻ ያለበት ስስ ግድግዳ ሲሆን ከኋላው የምግብ ቧንቧ ተጠግቶት ያልፋል። ይህን በዓይናችን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ለበዓል በግ ሲታረድ ከሳምባው ጋር የሚወጣውን ቧንቧ በጣት ቢዳስሱት ፊቱ ጠንካራ፣ ጀርባው ለስላሳ ነው።

በግ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። በበግ፣ በከብትና በአሳማ ለቀኝ ሳምባ የላይኛው ክፍል አየር የሚወስደው ቅርንጫፍ ቧንቧው ለሁለት ከመከፈሉ በፊት በቀጥታ ከትራኪያው ይወጣል። በሰው ላይ ይህ ሲገኝ ግን የአፈጣጠር ልዩነት ነው፤ ስሙም ትራኪያል ብሮንከስ ይባላል። ብዙዎቹ ምንም ሳይሰማቸው ይኖራሉ። አንዳንድ ልጆች ግን የቀኝ ሳምባቸው የላይኛው ክፍል እየደጋገመ ይታመማል። ስለዚህ የሳምባ ምች ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ላይ የሚመላለስበት ልጅ ሲያጋጥመን "ቦታው ላይ ምን አለ?" ብለን መጠየቅ አለብን።

2. ሲገባ ነው ወይስ ሲወጣ?

የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ትራኪያ ግን የነፋስ መውጫም መግቢያም ነው፤ መለያውም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አየር ስንስብ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል። አንገት ላይ ያለው የቧንቧው ክፍል ከውጭ የሚጫነው የከባቢው አየር ስለሆነ ይህ ክፍል የላላ ከሆነ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይጠባል። ስለዚህ የአንገት ችግር ድምፁን የሚያሰማው ሲገባ ነው። ይህ ድምፅ ስትራይደር ይባላል። ደረት ውስጥ ያለው ክፍል ደግሞ በተቃራኒው ነው። ስንስብ ደረት ሲሰፋ እሱም አብሮ ይከፈታል፤ በኃይል ስናስወጣ ግን ደረት ይጫነዋል። ስለዚህ የደረት ውስጥ ችግር ድምፁን የሚያሰማው ሲወጣ ነው፤ ከአስም ጋር የሚያመሳስለውም ይኸው ነው። ጥበቱ ጠንካራና የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ ድምፁ በሁለቱም ጊዜ ይሰማል።

ልጆች ለምን ቶሎ ይጎዳሉ? አየር በለስላሳ ሁኔታ ሲፈስ የቧንቧው መቋቋም ከስፋቱ አራተኛ ኃይል ጋር ተገላቢጦሽ ነው። የአንድ ጨቅላ ሕፃን ቧንቧ ስፋት 4 ሚሊ ሜትር ነው ብንል፣ ዙሪያውን 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢያብጥ የሚቀረው 2 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ በግማሽ ቀነሰ፤ መቋቋሙ ግን 16 ጊዜ ጨመረ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀድሞ የጠበበ ቧንቧ ያለው ልጅ በተራ ጉንፋን ሊሞት የሚችለው። አባቶች "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" የሚሉት ዓይነት ነው።

3. የትኞቹን እንጠርጥር?

ሀ) የላላ ቧንቧ (ትራኪዮማላሲያ)። ቀለበቶቹ ደካማ በመሆናቸው ልጁ ሲያስወጣ፣ ሲያለቅስ ወይም ሲያስል ቧንቧው ይከደናል። ሳሉ ጎላ ያለ፣ እንደ ውሻ ጩኸት የሚመስል ነው። በኔዘርላንድስ ሮተርዳም ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የአየር ቧንቧ መላላት ቢያንስ ከ2,100 ሕፃናት በአንዱ ላይ እንደሚገኝ ገምቷል። በዚያው ጥናት ከግማሽ በላይ በሆኑት ላይ ችግሩ ብሮንኮስኮፒ እስኪሠራ ድረስ አልተጠረጠረም ነበር። ሁሉ መሣሪያ ባለበት ሀገር እንዲህ ከሆነ በእኛ ዘንድ የበለጠ ማሰብ ያስፈልጋል። ሳልቡታሞል እነዚህን ልጆች ብዙ አይረዳም። የኋላውን ግድግዳ ጡንቻ ስለሚያላላ አንዳንዶቹን ያብስባቸዋል። ደስ የሚለው ነገር ቀላል የሆነው ዓይነት ልጁ ሲያድግ፣ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ እየተሻለው መሄዱ ነው።

ለ) ሙሉ ቀለበት። የፈረስ ጫማው ቅርጽ ቀርቶ ካርቲሌጁ ዙሪያውን የተዘጋ ክብ ሲሆን ቧንቧው ይጠባል። እጅግ ጥቂት ሕፃናት ላይ የሚታይ፣ ግን አደገኛ ነው። ድምፁ ሲገባም ሲወጣም ይሰማል፣ እርጥብና የሚንተከተክ ነው። ብዙ ጊዜ የግራውን ሳምባ የሚመግበው የደም ሥር በትራኪያውና በምግብ ቧንቧው መካከል ተጠምዝዞ ከሚያልፍበት ችግር ጋር አብሮ ይመጣል። ለቀዶ ሕክምና ወይም ለትንፋሽ እርዳታ ቱቦ ሲገባ በድምፅ አውታሮቹ መካከል አልፎ ከታች እምቢ ካለ፣ ይህ ችግር ወዲያው በሐሳባችን መምጣት አለበት። በኃይል መግፋት የበለጠ ያሳብጠዋል።

ሐ) በደም ሥር መታነቅ (ቫስኩላር ሪንግ)። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ሁለት ሆኖ ወይም በተለየ አቅጣጫ ዞሮ ትራኪያንና የምግብ ቧንቧን አብሮ ይከባል። ስለዚህ ልጁ የትንፋሽ ድምፅም የመዋጥ ችግርም አለው። ጠጣር ምግብ ሲጀምር ይብስበታል። አንገቱን ወደ ኋላ ቀና አድርጎ መተኛት የሚወድም አለ። ሮበርት ግሮስ በቦስተን የመጀመሪያውን የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1945 ነው። ከተገኘ የሚድን በሽታ ነው ማለት ነው።

መ) ከምግብ ቧንቧ ጋር መገናኘት። አብዛኛውን ጊዜ የምግብ ቧንቧው ራሱ የተቋረጠ ስለሆነ ሕፃኑ በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ይታወቃል፦ ምራቁ ይዝረከረካል፣ ጡት ሲሰጠው ትን ይለዋል፣ ይጠቁራል። መቋረጥ ሳይኖር ቀጭን መተላለፊያ ብቻ ያለበት ዓይነት ግን ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ምልክቱ ፈሳሽ ሲጠጣ ትን ማለትና የማያቋርጥ የሳምባ ምች ነው።

ሠ) ከልክ በላይ የሰፋ ቧንቧ። እ.ኤ.አ. በ1932 ሙኒዬ ኩን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም የገለጸው ሲሆን የሚታየው ባብዛኛው በአዋቂዎች ነው። አክታው ብዙ፣ ሳሉ ደካማ ነው። ቲቢው በምርመራ ሳይገኝ በተደጋጋሚ "ቲቢ" የሚባል ሰው ሲያጋጥም ኤክስሬዩ ላይ የሳምባውን ብቻ ሳይሆን የትራኪያውንም ስፋት ማየት ተገቢ ነው።

4. እናትን ምን እንጠይቅ?

የታሪክ አወሳሰድ ላይ የመጽሐፉን ቃል ተርጉሞ መጠየቅ አያዋጣም። "ስትራይደር አለው ወይ?" ብሎ ነገር የለም። እናት በምታውቀው ቃል እንጠይቅ፦

"እህቴ፣ ይህ ድምፅ የጀመረው መቼ ነው? ሲወለድ ጀምሮ ነው ወይስ ጉንፋን ከያዘው በኋላ?"
"ሲተኛ ይተወዋል ወይስ ይብስበታል? ሲያለቅስስ?"
"ሲጠባ ያርፋል? ትን ይለዋል? ከንፈሩ ጠቁሮበት ያውቃል?"
"የሚነፋው መድኃኒት ለውጥ አመጣለት?"
"ሆስፒታል ተኝቶ በጉሮሮው ቱቦ ገብቶለት ያውቃል?"

የመጨረሻው ጥያቄ የሚረሳ ነው። ቱቦ የቆየበት ቧንቧ ጠባሳ ሠርቶ ከሳምንታት በኋላ ሊጠብ ይችላል። በድንገት፣ ሲበላ ወይም ሲጫወት የጀመረ ድምፅ ከሆነ ደግሞ የአፈጣጠር ችግር ሳይሆን ሽምብራ ወይም በቆሎ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል አስቸኳይ ነው።

እናትየዋ ድምፁን ራሷ አስመስላ እንድታሰማን ብንጠይቃት አይከፋም። ሌሊቱን ሙሉ የሰማችው እሷ ናት። ተንቀሳቃሽ ስልክ ካላት ልጁ ሲተነፍስ ቀርጻ እንድታመጣ መንገር ዛሬ ትልቅ መረጃ ነው።

5. ማየትና መስማት

ልጁ እናቱ ጭን ላይ እንዳለ፣ ሳይነካ፣ ደረቱ ተገልጦ እንየው። ለአንድ ደቂቃ ማዳመጫ (ስቴቶስኮፕ) አያስፈልግም። እጃችንን ከደረቱ እንቅስቃሴ ጋር ከፍ ዝቅ እያደረግን ድምፁ የሚወድቀው የት ላይ እንደሆነ እንለይ። በሕፃናት ሕክምና መመሪያችን መሠረት በተረጋጋ ሕፃን ላይ የሚሰማ ስትራይደር የከባድ ሕመም ምልክት ነው፤ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል ይላካል። "በተረጋጋ" የሚለው ቃል ያለምክንያት አልገባም፤ የሚያለቅስ ልጅ ብዙ ድምፅ ያሰማል።

ቀጥሎ ድምፁን ራሱን እንስማ። ለቅሶው የሻከረ ወይም የጠፋ ከሆነ ችግሩ ከማንቁርቱ ሊሆን ይችላል። ለቅሶው ጥርት ያለ ሆኖ ትንፋሹ ከጮኸ ግን ከማንቁርት በታች እንጠርጥር። ከዚያ በኋላ ማዳመጫውን መጀመሪያ አንገት ላይ፣ ቀጥሎ ደረት ላይ እናድርግ። የአስም ፉጨት በሁለቱም ሳምባ የተበተነ፣ ብዙ ዓይነት ቃና ያለው ነው። የትራኪያ ድምፅ ግን አንድ ወጥ ቃና አለው፣ ጎልቶ የሚሰማውም መሐል ላይ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ፦ በጣም የተጨነቀን ልጅ ምላስ በእንጨት መጫን ወይም በግድ ማስተኛት አይገባም። ኦክስጅን መለኪያው ጥሩ ቁጥር ስላሳየም መዘናጋት የለብንም፤ በቧንቧ ጥበት ቁጥሩ የሚወርደው ልጁ ሲደክም፣ ዘግይቶ ነው።

6. ምርመራዎቹ በቅደም ተከተል

ኤክስሬይ፦ ከፊትና ከጎን፣ አንገትን ጨምሮ ይነሣ። የአየሩን ጥቁር መስመር ከላይ እስከ ታች በዓይን እንከተለው። የት ጠበበ? ወዴት ተገፋ? የትልቁ ደም ሥር ቅስት በግራ ነው ወይስ በቀኝ? በቀኝ ከሆነ የደም ሥር ቀለበት ይታሰባል። የምግብ ቧንቧው የተቋረጠ የሚመስል ጨቅላ ከሆነ በአፉ ቱቦ እናስገባ። ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ ከቆመና ኤክስሬዩ ላይ ተጠምዝዞ ከታየ ምርመራው አለቀ። ሆድ ውስጥ አየር መኖሩ ደግሞ የታችኛው ክፍል ከትራኪያ ጋር እንደተገናኘ ይነግረናል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሕፃን ባሪየም አይሰጥም፤ ወደ ሳምባው ይገባል።

ባሪየም ማስዋጥ፦ የደም ሥር ቀለበት ለተጠረጠረበት ልጅ ርካሽና ጠቃሚ ነው። የምግብ ቧንቧው ከኋላ ከተሰረጎደ ብዙውን ጊዜ ቀለበት ነው። ከፊት ከተሰረጎደ ግን በሁለቱ ቧንቧዎች መካከል የሚያልፈው የሳምባ ደም ሥር ነው።

ስፓይሮሜትሪ፦ 6 ዓመት ገደማ ከሞላው ጀምሮ መንፋት ለሚችል ነው። ሚለርና ሃያት እ.ኤ.አ. በ1969 እንዳሳዩት የፍሰቱ ሥዕል መሳቡ ላይ ብቻ ከተደፈጠጠ ችግሩ አንገት ላይ፣ ማስወጣቱ ላይ ከተደፈጠጠ ደረት ውስጥ፣ በሁለቱም ከተደፈጠጠ የማይለወጥ ጥበት ነው። በጆሯችን የሰማነውን በወረቀት ላይ መሣል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በአዋቂ ሰው ስፋቱ ወደ 8 ሚሊ ሜትር እስኪወርድ ድረስ ሥዕሉ ጤነኛ መስሎ ሊቆይ ይችላል።

ሲቲ ስካንና ኢኮ፦ ሲቲው የጥበቱን ርዝመትና የደም ሥሮቹን መንገድ ያሳያል። መላላት ከተጠረጠረ ሲስብም ሲያስወጣም መነሣት አለበት፤ በመሳብ ብቻ የተነሣ የላላ ቧንቧ ጤነኛ ይመስላል። ኢኮ ደግሞ አብሮ የሚመጣ የልብ ጉድለትን ይለያል።

ብሮንኮስኮፒ፦ የመጨረሻው ፈራጅ ይህ ነው። ጉስታቭ ኪሊያን እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን ፍራይቡርግ ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ አጥንት ካወጣ ወዲህ ዓይን ወደዚያ መግባት ጀመረ። መላላትን ለማየት ልጁ በራሱ መተንፈስ አለበት፤ በማሽን ከተነፋለት ግፊቱ ቧንቧውን ከፍቶ ይይዘዋል፣ ችግሩም ይደበቃል። ሙሉ ቀለበት ከተጠረጠረ ደግሞ መሣሪያው ጠባቡን ቦታ እንዳይነካው ይፈለጋል።

እዚህ ላይ "ተገኝቶስ ምን ይደረጋል?" የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በስዊድን፣ አይስላንድ ይማር ለነበረ ኤርትራዊ የትራኪያ ዕጢ ሕመምተኛ ሰው ሠራሽ ቧንቧ ተተክቶለት ዓለም ሁሉ ተደንቆ ነበር። ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ሞተ። ቀዶ ሐኪሙ ፓውሎ ማኪያሪኒም እ.ኤ.አ. በ2023 በስዊድን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተፈረደበት። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1989 የተገለጸውና የልጁን የራሱን ቧንቧ ቆርጦ አንሸራትቶ በማጋጠም የሚያሰፋው ቀዶ ሕክምና እስካሁን ይሠራበታል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ መለዋወጫ የለም፤ ያለውን ቧንቧ ሳይጎዳ በጊዜ ማግኘት ነው የሚሻለው።

7. እንቅርትን አንርሳ

በደጋው አካባቢያችን በአዋቂዎች ላይ ትራኪያን የሚጫነው የታወቀ ምክንያት እንቅርት ነው። ይህ የአፈጣጠር ጉድለት አይደለም፤ ግን ለብዙ ዓመታት የቆየ ትልቅ እንቅርት ቧንቧውን ወደ ጎን ይገፋዋል፣ ያጣብበዋል፣ አንዳንዴም ቀለበቶቹን ያላላቸዋል። አዮዲን ያለበት ጨው ከተስፋፋ ወዲህ አዲስ የሚመጣው ቢቀንስም የቆየው አለ። ምርመራው ቀላል ነው፦ "እማማ፣ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ያንሡልኝ" ብሎ አንድ ደቂቃ መጠበቅ። ፊታቸው ከቀላ ወይም ትንፋሻቸው መጮህ ከጀመረ እንቅርቱ ወደ ደረት ወርዶ መግቢያውን ዘግቷል ማለት ነው። ድምፃቸው ከሻከረ ደግሞ የድምፅ ነርቭ መነካቱ ይታሰብ።

8. የመላኪያ ወረቀት

ከላይ ከጠቀስናቸው ምርመራዎች ብዙዎቹ በወረዳ ደረጃ አይገኙም። ልጁ ከወረዳው ሆስፒታል ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ወደ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር፣ ካልሆነም እስከ ጥቁር አንበሳ ሊሄድ ነው። ቤተሰቡ ለመንገዱ በግ ወይም ጥጃ ሸጦ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛ ጉዞ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የምንጽፈው መስመር እንደ ሕክምናው ሁሉ ዋጋ አለው። ለትምህርት ያህል ሁለት ምሳሌ እናወዳድር፦

"የ7 ወር ወንድ። አስም። ለተሻለ ሕክምና።"

"የ7 ወር ወንድ። ከተወለደ በ3ኛ ሳምንቱ የጀመረ፣ ሲገባም ሲወጣም የሚሰማ አንድ ወጥ ድምፅ። ለቅሶው ጥርት ያለ ነው። ገንፎ ከጀመረ ወዲህ ብሶበታል፣ ትን ይለዋል። ሳልቡታሞል አልረዳውም። ኤክስሬዩ ላይ ቅስቱ በቀኝ ይመስላል። የደም ሥር ቀለበት ይታይልን።"

የመጀመሪያውን ይዞ የሄደ ልጅ ሌላ የሚነፋ መድኃኒት ይዞ ሊመለስ ይችላል። ሁለተኛውን ይዞ የሄደው ግን ባሪየም፣ ኢኮና ሲቲ ይታዘዝለታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ደቂቃ መስማትና ሁለት መስመር መጻፍ ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ይህን ያነበበ ተማሪ ነገ የሚያፏጭ ልጅ ሁሉ ላይ የትራኪያ ጉድለት ይፈልግ ማለት አይደለም። አስም ብዙ ነው፣ የሳምባ ምችም ብዙ ነው፤ ቲቢም በምርመራ መጣራት አለበት። ነገር ግን ድምፁ ከተወለደ ጀምሮ ከሆነ፣ በሁለቱም ትንፋሽ ከተሰማ፣ ከመጥባትና ከመዋጥ ጋር ከተያያዘ፣ በመድኃኒት ካልተለወጠ፣ ወይም ሕመሙ በአንዱ የሳምባ ቦታ ላይ ከተመላለሰ ቆም ብለን እናስብ። ከነዚህ አንዱ እንኳ ሲገኝ ካርዱ ላይ "ድምፁ የሚሰማው ሲገባ፣ ሲወጣ፣ በሁለቱም" ብለን አንዱን እናክብብ። ቀጥሎ የሚያየው ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ከዚያች ክብ ነው።